ወገቤን የደገፉት እጆች

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ መጀመሪያ ይህን ያዝልኝ ወዳጄ። ንፋስ መውጫ ሻይ ቤት ተሰብስበን ሌሎቹ ሾፌሮች እዚህ ዳገት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታየኝ፣ እዚያ ወንዝ ዳር ነጭ የለበሰ ሰው አስቆመኝ ሲሉ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እንቅልፍ ያጣ ሾፌር የማያየው የለም፣ ሂዱና ተኙ እላቸው ነበር። አሁን እነሱ ሲያወሩ ዝም ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ። ምናልባት አንተም ለመኪናህ ወገብ የሚደግፍ ወንበር የምታፈላልግ ከሆንክ ልንገርህ፣ ከዚያ ማመኑን ለአንተ ትቼዋለሁ።

ሥራዬ በአይሱዙ ከንፋስ መውጫ ወገዳ መመላለስ ነበር፣ ስሄድ ጨውና ዘይት፣ ስኳርና ቆርቆሮ፣ ስመለስ እህል እጭናለሁ፣ ጋቢናው ውስጥ ደግሞ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም። ወገዳ የሚያስገባውን የስማዳን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፣ በጋ ድንጋዩ አንጀት ያላቅቃል፣ ክረምት ጭቃው መሪውን ከእጅህ ይነጥቅሃል። ብዙ ዓመት ከነዳሁ በኋላ ወገቤ ሄደ፣ ከመኪና ስወርድ እንደ ሽማግሌ በሩን ይዤ ቆሜ ነው ቀና የምለው፣ ሌሊት ባለቤቴ ስመኝ ካላገላበጠችኝ መዞር አልችልም። ደብረ ታቦር ሄጄ ታየሁ፣ ሐኪሙ የዲስክ መንሸራተት ነው፣ ወይ ወገብህን ደግፎ የሚይዝ ወንበር ፈልግ፣ ወይ መንዳቱን ተው አለኝ። መንዳቱን ትቼ ምን ልሠራ፣ መሬት የለኝም፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እጄ ከመሪ በቀር ምንም አያውቅም።

እናም ያልሞከርኩት የለም። ጋቢ አጥፌ ከወገቤ ኋላ ሸጎጥኩ፣ ጭድ በከረጢት ሞላሁ፣ ግማሽ የተነፋ ከለመዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ አስቀመጥኩ፣ እሱማ ጭራሽ በየጉድጓዱ እያነጠረ ራሴን ከጣሪያው ያጋጨኝ ጀመር። በመጨረሻ ደብረ ታቦር ከወደቁ መኪኖች የወጣ ዕቃ የሚሸጥ ይርጋ የሚባል ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። ከግቢው ጥግ፣ ከተቆለሉ በሮች ጎን፣ ቡናማ ቆዳ የለበሰ፣ ወፍራም ስፌት ያለው የላንድክሩዘር ወንበር ነበር።

«ተቀመጥበት እስቲ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። እመነኝ፣ እዚያው ግቢው መሀል ዓይኔን ጨፍኜ ቀረሁ። ልክ የሚያመኝን ቦታ አውቆ ከሁለቱም ጎን ደገፍ ነው ያደረገኝ።

«ከምን መኪና ነው የወጣው?» አልኩት።

«ከወደቀ መኪና ነዋ። እዚህ ያለው ሁሉ ከወደቀ ነው።»

«ሾፌሩስ?»

«የወደቀው መኪናው ነው፣ ወንበሩ ምን አደረገህ?» አለና ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የወንበሩን እግር በይዶ ለአይሱዙዬ ገጠመልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብነግርህ ደስታዬ አይገባህም። ወገዳ ደርሼ ስወርድ ቀጥ ብዬ ነው የምወርደው፣ ሌሊት ያለ ማንም እርዳታ እገላበጣለሁ። ስመኝን «የሆነ ሰው ከኋላ በእጁ ይዞኝ የሚሄድ ነው የሚመስለኝ» አልኳት፣ እሷም «ታዲያ አመስግነዋ» አለችኝ፣ እንዲህ እየቀለድን ነው የጀመርነው።

ቀልዱ ግን እየዋለ ሲያድር ይጎረብጠኝ ጀመር። ድጋፉ አንዳንዴ ይላላል፣ ደግሞ መልሶ ጠበቅ ይላል፣ ልክ የደከመው ሰው እጁን እንደሚያስተካክለው። ዳገት ስወጣ ይበረታል። ቀስ በቀስ መዳፍ ከመዳፍ ለየሁት፣ ጣት ከጣት ለየሁት፣ በግራ በኩል ያለው አውራ ጣት ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ታች የተጣመመ ነው፣ ያ ጣት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይወጋኛል። በስፖንጁ ውስጥ የገባ ነገር አለ ብዬ አንድ እሑድ ስፌቱን ፈትቼ ዘረገፍኩት፣ ስፖንጁ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው፣ እብጠት የለ፣ ብረት የለ። ከኋላው ደግሞ የጋቢናው ግድግዳ ነው፣ ወንበሩ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፣ እንኳን ሰው የሰው እጅ አይገባም። ስፌቱን መልሼ ሰፋሁትና መንዳቴን ቀጠልኩ። ስትታመም ኖረህ መድኃኒት ስታገኝ መድኃኒቱን ብዙ አትመረምረውም።

ድምፁን መጀመሪያ የሰሙት መምሬ አላምረው ናቸው፣ ወገዳ አጠገብ ያለ የገጠር ደብር ቄስ፣ ለጉዳይ ንፋስ መውጫ ሲመጡ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነበር የሚመለሱት። አንድ ቀን ከብት መንገድ ዘግቶ ሞተሩን አጥፍቼ ቆምን። እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር፣ ድንገት አቋርጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ከኋላህ ሰው ጭነሃል እንዴ?»

«ከኋላ ጨው ነው መምሬ፣ ሰው የለም።»

«ድምፁ ከጨው በኩል አይደለም፣ ከዚህ ነው» አሉና ወደ ወንበሬ መደገፊያ በጣታቸው አመለከቱ። «ሸክም እንደያዘ ሰው ይተነፍሳል።»

ጆሮዬን ጣልኩ። ምን ልበልህ፣ ይሰማል። ረጅም ትንፋሽ፣ ከጥርስ መሀል የሚወጣ፣ ሰው ከባድ ነገር አንስቶ የሚያስቀምጥበት ሲያጣ የሚያሰማው። ሞተሩን አስነሳሁ፣ እሳቸው አማተቡና እስክንደርስ ዳዊታቸውን ደገሙ።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ከወገዳ በፊት ባለው ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ ከመንገዱ ዳር የሚቆሙ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ሳልፍ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ይዘረጋሉ፣ እኔ ጫነኝ የሚሉ እየመሰለኝ ሙሉ ነው ብዬ በእጄ አሳይቼ አልፍ ነበር። የዚያን ቀን ግን መንገዱ መሀል ገብተው ቆሙ። ፍሬን ይዤ ተናድጄ ወረድኩ፣ እሳቸው ግን እኔን አላዩም፣ በተከፈተው በር ወንበሩን ነው የሚያዩት።

«ይኸው እሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ማን ነው አያ?»

«ወንበሩ ነዋ ልጄ። አያ ተሰማ ይሉኛል፣ እርሻዬ ይኸ ከታች ያለው ነው። ባለወንበሩ የወደቀው እዚህ ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ነገሩኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀትር ላይ በሬዎቻቸውን ፈትተው ወደ ቤት ሲሉ ነጭ ላንድክሩዘር ተገለባብጦ እርሻቸው ላይ አረፈ። ሾፌሩ ብቻውን ነበር፣ እግሩ ከመሪው ሥር ተቀርቅሯል፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ተሰብሮ እሱ በጀርባው ተንጋሏል፣ ሲንጋለል ደሙ ጉሮሮው ውስጥ ይገባና ያንቀዋል። አያ ተሰማ በተሰበረው መስኮት ከኋላው ገቡ፣ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት መዳፋቸው ደግፈው ቀና አደረጉት፣ ቀና ሲል ተነፈሰ። ወጣቱ ሾፌር «አትልቀቀኝ» አላቸው። አገሩ ሁሉ ገበያ ሄዷል፣ የሚጠሩት ሰው የለም፣ እንዲሁ ደግፈውት ዋሉ።

«ሲመሽ ሰው መጣ» አሉ። «አንዱ ፊቱን በባትሪ አየና ሞቷል፣ ልቀቀው አለኝ። አልሞተም አልኩ። ሽማግሌው ደንግጧል አሉና ጎትተው አወጡኝ። አልሞተም ነበር ልጄ። ትንፋሹ በወንበሩ ውስጥ አልፎ እጄ ላይ ይመጣ ነበር።»

እሳቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ከዚያ በኋላ እጄ ባዶ ሆኖ ኖረ። ዘንድሮ ከመስቀል ወዲህ ክብደቱ ተመለሰ። አንተ ስትቀመጥ ይከብደኛል፣ ስትወርድ ይቀለኛል። ሐሙስ ዕለት ዳገቱ ላይ ጎማህ ተንፍሶ ወርደሃል፣ ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳቱም። ያን ጊዜ ነው የግራ እጃቸውን ያየሁት፣ አውራ ጣታቸው ወደ ታች የተጣመመ ነው፣ ድሮ ቀንበር ሰብሯቸው እንደሆነ ነገሩኝ። «አያ፣ ዛሬውኑ ፈትቼ እጥለዋለሁ፣ አንቱም ይረፉ» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። «አትፍታው። ያኔ አስለቀቁኝ። አሁን ደግሞ አንተ አታስለቅቀኝ።»

ስመኝ ስነግራት አለቀሰች፣ አሁኑኑ አውጣው አለች። እኔ ግን አላወጣሁትም። አንድም የሽማግሌው ልመና ከበደኝ፣ አንድም ወገቤን ፈራሁ፣ የቱ እንደሚበልጥ ለራሴም አላውቀውም። ስነዳ ግን እንደ ድሮው አልደገፍም፣ ጀርባዬን በሙሉ ከጣልኩባቸው ሽማግሌው የሚደክሙ እየመሰለኝ ግማሽ ጎኔን አንስቼ ነው የምሄደው።

ነሐሴ ውስጥ ነው። መምሬ አላምረው ከጎኔ ነበሩ፣ ቀኑ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጉሙ ግን መንገዱን ውጦታል፣ መብራት አብርቼ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያልኩ ያን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ድጋፉ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። መጀመሪያ የግራው፣ ከዚያ የቀኙ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተነሱ፣ ተንሸራተው ወረዱና ጠፉ። ወገቤ ወደ ባዶ ገባ፣ ከኋላዬ መደገፊያው እንዳለ እያወቅሁ ገደል ውስጥ በጀርባዬ የወደቅሁ ነው የመሰለኝ። ፍሬኑን ረግጬ ቆምኩ። ሞተሩ ጠፋ። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ ጉሮሮው ውኃ የሞላበት የሚመስል የወጣት ድምፅ፦

«አትልቀቀኝ።»

የአያ ተሰማ ድምፅ አልነበረም። ወደ መምሬ ዞርኩ፣ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው የፊቱን መስታወት ነው የሚያዩት።

«ሰሙት?»

«ሰምቻለሁ። አትጠይቀኝ።»

ከታች ከእርሻው በኩል፣ ጉሙ ውስጥ፣ የሴቶች ልቅሶ ተነሳ።

ወርደን ስንደርስ አያ ተሰማ አርፈዋል። ልጃቸው እንደነገረችን ከማለዳ ጀምሮ ግድግዳ ተደግፈው እጃቸውን ወደ ፊት እንደዘረጉ ነው የዋሉት፣ ውኃ ብትሰጣቸው እንኳ በአፋቸው እንጂ በእጃቸው አልተቀበሏትም፣ ኋላ ደከመኝ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ፣ በዚያው ሄዱ። ሲገነዙ መምሬ አብረው ነበሩ። ከቀብር በኋላ ወደ ጎን ወሰዱኝና በሟቹ መዳፎች ላይ የወፍራም ስፌት መስመር ታትሞ ማየታቸውን ነገሩኝ፣ ከዚያ ወዲህም በእኔ መኪና ተሳፍረው አያውቁም።

በማግስቱ ወንበሩን ፈታሁት። ይርጋ መልሰህ አታምጣብኝ አለኝ፣ ማቃጠል ፈራሁ፣ እንዲሁ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኜ ከቤቴ ኋላ ካለው መጋዘን አስገባሁት። የድሮውን ወንበር መልሼ ገጠምኩ፣ ወገቤም ወደ ሕመሙ ተመለሰ፣ ይኸ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተመስገን ብዬ እኖር ነበር።

ከአርባቸው በኋላ ነው የጀመረኝ። ከሥራ ገብቼ ደጃፌ ላይ አረፍ ብዬ እጆቼን ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጥ፣ መዳፎቼ ላይ የሆነ ነገር ይደገፋል። መጀመሪያ ቀላል ነው፣ ቆይቶ ክርኔ እስኪንቀጠቀጥ ይከብዳል። የሰው ጀርባ ነው። ሳብ አድርጌ እጄን መንቀል እችላለሁ፣ ከልካይ የለኝም፣ ግን ሞቅ ያለ ነገር መዳፌ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያን እያወቅሁ እንዴት ብዬ ልንቀል?

ባለፈው ስመኝ እንዲህ ሆኜ አገኘችኝ። ላቤ ይንጠፈጠፋል።

«እጅህን አንሳ» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት።

አጠገቤ ተንበረከከች፣ የራሷን መዳፎች ከእኔ መዳፎች ጎን ወደ ፊት ዘረጋች። ክርኖቿ ትንሽ ዝቅ አሉ። ከዚያ ተነሥታ፣ እጆቿን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ውስጥ ገባች። ምን እንደተሰማት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።