«ጀንበሯን ማን አጠፋት?»

ሁለቱ ጎብኚዎች አንድ ዓይነት ጫማ አድርገዋል።

«መርፌ» መሰላል ላይ ሆና አየቻቸው፤ ደኅንነቶች ናቸው። በሙዚየሙ የመብራት ሠራተኛ መስላ ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ጓንቷ ውስጥ ጥፍር የምታህል ሜሞሪ አለች፤ ሊታፈኑ የታቀዱ የአርባ ሰዎች ስም ተጽፎባታል። ዛሬ ለ«ክር» ልታስረክብ ነበር። ክር ታናሽ ወንድሟ ነው። የምስጢር ስሙንም ያወጣው ራሱ ነው፣ «መርፌ ያለ ክር ምን ትሠራለች?» ብሎ እየሳቀ።

ሰዓቱን የሚያውቀው ሌላ ሰው አለቃቸው ብቻ ነው። የእሷን መልክ ግን አያውቅም፤ ክር ብቻ ነው የሚያውቃት።

ሸጣቸዋል! የገዛ አለቃቸው!

አዳራሹ ውስጥ ከነጭ ጨርቅና ከመብራት ብቻ የተሠራ ሸለቆ አለ። ከተራራው ጀርባ ብርቱካናማ ጀንበር ትጠልቃለች፤ ከመንገድ ማዶ በመስታወቱ ትታያለች። ለክር ምልክቱ እሷ ናት። ከበራች፣ ግባ። ከጠፋች፣ ተመለስ።

አጠፋቻት። ተመስገን አለች በሆዷ።

«ኧረ በሕግ! ጀንበሯን ማን አጠፋት?»

ሸለቆውን የሠሩት ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ጋሼ፣ ይተዋት! አምፖሉ ግሏል።»

«ልጄ፣ የተወለድኩበት ሸለቆ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው። የቀረኝ ይሄ ነው። በዚህ ሰዓት እንዲህ ጨልሞ አያውቅም።»

ከመሰላሉ እየዘለለች ወረደች። አልደረሰችም። ጋሼ ማብሪያውን ተጫኑት።

ክር ገባ።

ሰዎቹ ግራና ቀኝ ያዙት። አንዱ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ! ታውቂዋለሽ?»

አዎ ካለች አርባውም አለቁ። ክር እሷን እንዳያይ ዓይኑን ወደ ጀንበሯ አዞረ።

«አላውቀውም።»

ይዘውት ሄዱ።

«ምን አጥፍቶ ይሆን ምስኪን?» አሉ ጋሼ። «አየሽው? ጀንበሯን ሲያይ ዓይኑ በእንባ ግጥም አለ። እንደዚህ ያየልኝ ሰው የለም።»

ምን ትበላቸው? ብትነግራቸው እሳቸውንም መግደል ነው። መሰላሉን አጣጥፋ በጓሮ በር ወጣች።

ሜሞሪዋን ከአለቃው በላይ ላሉት በእጇ አደረሰች። አርባዎቹ ተረፉ፣ አለቃው ታሰረ። ክር በሦስተኛው ቀን ምርመራ ላይ ሞተ፤ እሷን አሳልፎ አልሰጠም። ሬሳውን እንኳ መጠየቅ አልቻለችም።

በወሩ ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ዳቦ ቤት ተቀጠረች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ቅጽ ትሞላላት ነበር።

«እኅት ወንድም አለሽ?»

«የለኝም፣ እትዬ።»

«ታድለሽ! እኔን ስድስቱ አስረጅተውኛል» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች።

አብራት ሳቀች።