ምሽጉን የሚጠብቁ ዓይኖች

ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ጉብታው ላይ ያለው ምሽግ እንዲህ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። የግንቡ ውፍረት፣ እኔ ልንገራችሁ፣ አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ተኝቶበት ለመገላበጫ ይተርፈዋል። ማማው ላይ የቆመ ሰው ጣና ላይ ያለች ዳክዬ ዓይኗን ስትጨፍን ያያል። ትንሽ ጨምሬ ይሆናል፤ ግን ትንሽ ነው።

ካቻምና ግንቦት ተዘጋ። ጦሩ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ እኛም «ምሽጉ ምን ይሁን?» ተብለን ተሰበሰብን። አንዱ የሩዝ መጋዘን ይሁን አለ። ሌላው ሙዚየም። ሌላው ደግሞ ድንጋዩ ለቤት መሠረት ይከፋፈል ሲል አጨበጨብንለት፤ የእሱ ቤት መሠረት ግን ቀድሞ ከዚያው ግንብ ወጥቶ ኖሯል። ሳይቋጭ ተበተንን። እስኪቋጭ ቁልፉ ለታጁ ተሰጠ።

ታጁ የሩዝ ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ጎረምሳ ነው። ከቁልፉ ጋር አደራም ተቀበለ። ክረምት ክረምት ወታደሮቹ ከማማው ሆነው የርብን ወንዝ ያዩ ነበር፤ ሲሞላ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ይደበድባሉ፣ ሜዳው ላይ ያለውም ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ጉብታው ይሸሻል። አሁን ያንን የሚመታ ታጁ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ከውሰር ወደ ምሽጉ መጣች። አባቷ ሀጅ ሳልህ ከጉብታው ሥር፣ መኪና መንገዱ ዳር ሱቅ ነበራቸው፤ ደንበኛቸው ወታደሩ ነው። ከውሰር ደጁ ላይ ስትቆም የጎንደር አውቶቡስ ማርሽ አልገባ ይላል። እውነቴን ነው።

«የሻይ ብርጭቆዎቻችን እዚህ ቀርተዋል» አለችው ሻሿን እያስተካከለች።

«ዛሬ አንዱን ብቻ ነው ያገኘሁ።»

«ሌሎቹስ?»

«እየፈለግሁ ነው። ነገ ነይ።»

ብርጭቆዎቹ ከጀርባው ሣጥን ላይ ተደርድረዋል። እሷም አይታቸዋለች። በማግስቱ ግን መጣች፤ በማግስቱም። ሐምሌ ሲያልቅ ብርጭቆውም ሰበቡም አልቆ፣ እሷ ትመጣ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቶ ሳለ፣ ከውሰር ማማው ላይ ወጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

«አባዬ ሱቁን ሊዘጋ ነው። ወታደር ከሌለ ማን ይገዛናል ይላል። ሐሙሲት ከተማ ልንገባ ነው።»

ታጁ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺም?»

«ታዲያ የማን ልጅ ነኝ?»

«ሽማግሌ ብልክስ?»

የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «እስካሁን የት ነበርህ» ማለቷ ነው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት፤ ዓለም እዚያው ቆመች።

ከዚህ በኋላ ያለው ላይ አልጨምርም። የፎገራ ሜዳ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ የእኛ ጎርፍ ከላያችን ካለው ሰማይ አይመጣም። ጉና ተራራ ላይ ዘንቦ፣ እኛ ጋ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚደርስ። ታጁ ሰማዩን አምኖ ወንዙን ረሳ። ዘወር ሲል ርብ ደፍርሶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ቸርኬውን እጁ እስኪላጥ መታ። ሰው ሁሉ ተረፈ፤ ከብቱም ወጣ። የገበሬው የአያ ደሳለው ቦራ በሬ ግን እንደታሰረ ውኃ ወሰደው። አንድ በሬ ነው። አንድ።

ታጁን የጠረጠረ የለም። «ወታደሩ ቢኖር ኖሮ» አለ ሰው ሁሉ። ለእሱ ያ ባሰበት።

ሰነበተና ከውሰር ወፍጮ ቤቱ ደጅ መጣች።

«ሽማግሌው ቀረ?»

«በሰው በሬ ሞት ላይ ምን አፍ ይዤ ልላክ? አያ ደሳለው ትናንት ‹አንተ ባትኖር አልቀን ነበር› ብለው መረቁኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።»

ከውሰር ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንተስ ጀርባህን ሰጥተህ ነው። እኔ ግን ወንዙ ከፊቴ ነበር። አንተን ብቻ ነው ያየሁ።»

ታጁ ከእጁ ላይ የሩዝ ገለባውን አራገፈ።

«እንሂድና እንንገራቸው» አለች።

«አባትሽ ቢሰሙስ?»

«ነግሬዋለሁ። ካልሲውን እንኳ ሳያደርግ ተነሥቶ እየመጣ ነው።»

ከሀጅ ሳልህ ጋር ሦስት ሆነው ሄዱ፤ አያ ደሳለውን ለብቻው የቀረውን በሬ ጭድ ሲያበሉ አገኟቸው። ታጁ ተናገረ፤ ከውሰር የራሷን ጨመረች። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ የበሬውን ሻኛ ሲያሹ ቆዩ።

«ለካ በከንቱ ነው ጥሎን ሄደ ብዬ ወታደሩን ስረግም የከረምሁ» አሉ።

«በሬውን እንተካለን» አሉ ሀጅ ሳልህ።

«መተካቱስ ይተካል፣ ሀጅ። ቦራ ግን እጄ ላይ ነው ያደገ።» ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ሌላ ጠባቂ ብናቆም እሱም የሚያያት አያጣም። እነዚህ ግን ከእንግዲህ አይዘናጉም። ማማው ላይ ሁለቱም ይሁኑ።»

«ያላገባች ልጄን? ማማ ላይ?»

«ልጁ ሽማግሌ ለመላክ አፍሯል። እንግዲያ እኔ እላካለሁ። ቅዳሜ ቤትዎ እመጣለሁ፤ ውሻዎን ይሰሩልኝ።»

ሀጅ ሳልህ ከዘራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «በሬ የሞተበት ሰው ሽማግሌ ሆኖ ከመጣ፣ እንዴት ብዬ ልመልስ» አሉ።

ኒካሁ ታሰረ። የሠርጉ ሰው ሰልፍ ጫፉ አንበሳሜ ደርሶ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም፤ ተዉት። ሀጅ ሳልህ ሐሙሲት ገቡ፣ ከውሰር ቀረች። የምሽጉ ነገር ዛሬም አልተቋጨም፤ በየስብሰባው አዲስ ሐሳብ ይወለዳል፣ በየስብሰባው ይቀበራል።

ባለፈው ክረምት ማማው ላይ ወጥቼ አየኋቸው። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ እሱ ወደ ጉና፣ እሷ ወደ ርብ።

«አዲስ ተጋቢ እንዲህ ይቀመጣል እንዴ?» አልኋቸው።

ከውሰር ዓይኗን ከወንዙ አልነቀለችም።

«እስከ መስከረም ነው፣ ጋሼ። ውኃው ሲጎድል እንተያያለን።»