የተቀጠለ ድምፅ

«አንዴ ብቻ ተጫወቺልኝ! በናትሽ፣ አጎትሽ ሳይመጣ ቶሎ በይ!»

ፊሽካ ቫዮሊኗን ለጓደኛዋ ዘርግታላታለች። ፊሽካ ያሏት የክፍል ልጆች ናቸው፤ ወሬዋ አያባራማ! ይህቺ ጓደኛዋ ግን ከልጅነት ጀምሮ ከጎኗ ስላልጠፋች ለምዳዋለች።

ፊሽካ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ የምትልከው የድምፅ ቅጂ ዛሬ መሄድ አለበት። በጓደኛዋ አጎት ስቱዲዮ የሙዚቃውን ዝግ ያለ ክፍል አሳምራ ቀድታለች። ፈጣኑ ላይ ስትደርስ ግን ጣቶቿ ይተሳሰራሉ። ልጅቷ ደግሞ ለመግባት ባታመለክትም ያንን ክፍል እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው።

«ማጭበርበር ነው'ኮ» አለች።

«የምን ማጭበርበር?» ፊሽካ በአገጯ ኮምፒውተሩን አሳየቻት። የልጅቷ አጎት ሲቀዳው የሰነበተው አዲስ ኦፔራ እንደተከፈተ ነው፤ ዘፋኟ በር ጣቷ ላይ የተዘጋባት ይመስል የምትጮህበት። «ይቺን ሴትዮስ ቀጣጥሎ አይደል የሚያስዘፍናት? ከትናንቱ አንድ ቃል፣ ከዛሬው አንድ ቃል! የኔ ሲሆን ምን ይለያል?»

ልጅቷ ቫዮሊኑን ተቀብላ ፈጣኑን ክፍል ተጫወተችው። ወዲያው አጎቷ ሲያደርግ እንዳየችው ከፊሽካ ቅጂ ጋር ቀጠለችውና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

አቤት ዝግታው! ይቺ ለፍላፊ እንዲህ አንጀት ትበላለች ብሎ ማን ያስባል? ከዚያ ፈጣኑ መጣ፤ ቅጥሉ ጭራሽ አይታወቅም። ልጅቷ ግን ደስ አላላትም። ሴትዮዋ የተቀጠለችው ከራሷ ድምፅ ነው። በዚህ ቅጂ ላይ የምትጫወተው ግን ማን ናት? ነገ የትምህርት ቤቱ መምህር ፊት ቆማ «እስቲ ተጫወቺው» ስትባል ፊሽካ ምን ልትሆን ነው?

በሩ ተከፈተና አጎቷ ገባ። «እህ፣ አለቀ? ሁለት ቅጂ አያለሁ። የቱን ልላከው?»

ፊሽካ በጠረጴዛው ስር እግሯን ረገጠቻት።

«የመጀመሪያውን» አለች ልጅቷ።

«እሱ'ኮ ፈጣኑ ላይ ይደነቃቀፋል።»

«ይደነቃቀፍ። የሷ ነው።»

የፊሽካ ዓይን እንባ ሞላ። «ካልገባሁ ዓይንሽን እንዳላይ!»

ጓደኛ ማጣት እኮ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ልጅቷ የተቀጠለውን ቅጂ አጠፋችውና ቫዮሊኑን መለሰችላት።

«ከመላኩ በፊት አንዴ ሞክሪ። ቀስ ብለሽ ጀምሪው።»

«ካልተቀበሉኝስ?» አለች ፊሽካ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አብረን እናለቅሳለና።»

ፊሽካ ገላመጠቻት። ሆኖም ቫዮሊኗን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ አጎትየውም መቅጃውን ከፈተ።