እህቴ ፈረሷን የሰጠችበት ቅዳሜ

ለምነግራችሁ ነገር ምስክር የለኝም።

ማለቴ... አንድ ሰው አለች። እሷ ግን በሩን ዘግታብኛለች።

ስለዚህ እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። የሆነውን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ እናንተ ፍረዱ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ አስር። ሌሊት አይደለም፣ መብራትም አልጠፋም። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች፣ ጎረቤት ልብስ ያሰጣል፣ ሕፃናት ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ይሸጣል ብሎ ማን ያስባል?

እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ፣ ከባሏና ከልጃቸው ጋር ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴ አልወለቀም። እህቴ ናት ትምህርቷን ትታ ያሳደገችኝ። ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ስታመም ራስጌዬ ተቀምጣ የምታነጋው እሷ ነበረች።

ቼዝም ያስተማረችኝ እሷ ናት።

እኔ ስጫወት ቋጣሪ ነኝ። አንድ ወታደር ማጣት እንኳ ያንገበግበኛል።

“ሚጢዬ፣ አንቺ እኮ ወታደር ሲሞትብሽ ጥቁር ልትለብሺ ምንም አይቀርሽ” ትለኝ ነበር እየሳቀች።

እሷ ግን ሌላ ናት። ፈረስ ይሁን ንግሥት፣ ጊዜው ሲደርስ ትወረውርና የባላጋራዋን ንጉሥ ራቁቱን ታስቀረዋለች።

“የምትሳሺለትን ካልሰጠሽ መንገዱ አይከፈትልሽም” ትላለች።

ልጇን ድምቡሼ እያልን ነው የምንጠራት። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ስትወለድ ጉንጭ ብቻ ነበረች። በዚያ ሰሞን ግን ድምቡሼ ማለት ያሳፍር ነበር። አልጋ ላይ ከዋለች ወራት አልፈዋል። ክንዷ የክብሪት እንጨት አክሏል። ሐኪሞቹም “ከዚህ በላይ ማድረግ የምንችለው የለም፣ ቤቷ ትሁን” ብለው መልሰዋታል።

ያን ቅዳሜ እህቴ ክፍሌ ገባች። ተጣጥባ፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ አስራ ነበር።

“ተነሺ። ላይኛዋ ሴትዮ ጋ ቼዝ ልጫወት ነው።”

“ዛሬ? ድምቡሼን ትተን?”

“አባቷ አለ።”

“ታዲያ እኔ ምን ልሠራ?”

“ከጎኔ ተቀመጪ። በቃ። ምንም አትናገሪ።”

ስታወራኝ ፊቴን አታይም። ሸሚዜን ነበር የምታየው። ከዚያ ድንገት ጠጋ ብላ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ፣ ልክ ትምህርት ቤት ስትልከኝ ታደርግ እንደነበረው።

ከሐሳቧ ትንሽ ልታመልጥ ፈልጋ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እውነቴን ነው። ደስ አለኝ...

ላይኛዋ ሴትዮ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። ደረጃ ላይ አልፎ አልፎ እናገኛታለን እንጂ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ማለቴ ነው። እህቴ ግን የቤቷን መንገድ ለምዳዋለች። ሳታንኳኳ ገፋ አድርጋ ገባች።

መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ግን ከታች ምንም ድምፅ አይመጣም።

የመኪና ጥሩንባ የለም። ሕፃናቱ የሉም። ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ በጣቴ ጎረጎርኩት።

“ጆሮሽስ ደህና ነው፣ ሚጢዬ” አለች ሴትዮዋ።

ሚጢዬ...

በዚህ ስም ከቤታችን ውጪ የሚጠራኝ ሰው የለም።

እህቴን አየኋት። አቀርቅራ ጠጠሮቹን ትደረድራለች። አንዱ ወታደር ተንከባልሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ላቀብላት ሳነሳው ክው አልኩ። ይሞቃል። ፀሐይ ያገኘው እንጨት እንደሚሞቀው አይደለም... ብብት ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ የሰው ጣት ነው የሚሞቀው።

“ይቺ ናት?” ብላ ሴትዮዋ ጠየቀች።

“እሷ ናት፣ እማማ።”

“ትሳሺላታለሽ? እኔ የተጣለ ነገር አልወስድም።”

እህቴ አንድ ጠጠር አስተካከለች።

“እኔ ነኝ ያሳደግኳት።”

የምትሳሳላት ሲባል ስለ ድምቡሼ የሚያወሩ መሰለኝ። አይ ሞኝነት!

ጨዋታው ተጀመረ።

ሴትዮዋ ሰሌዳውን አታይም። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ሳታይ ታነሳለች፣ ሳታይ ታስቀምጣለች... አትሳሳትም።

እህቴን ቀስ በቀስ አፈነቻት። ወታደሮቿ ተራ በተራ አለቁ። ንግሥቷ መላወሻ አጣች። የእህቴ ግንባር በላብ ሲወረዛ አየሁ። እንዲህ ሆና ስትጫወት አይቻት አላውቅም፤ እንደ ጨዋታ ሳይሆን ከወንዝ ውስጥ ሰው እንደምታወጣ ነበር የምትተነፍሰው።

ከዚያ... መንገዱ ታየኝ።

የሴትዮዋ ንጉሥ ጥግ ይዞ ከወታደሮቹ ኋላ ተደብቋል። እህቴ ፈረሷን እዚያው አፍንጫው ሥር ብታስቀምጠው ወታደሩ መብላት ግድ ይሆንበታል። እሱ ቦታውን ሲለቅ መስመሩ ይከፈታል። ከኋላ የቆመው ግንብ ይገባና ጨዋታው ያበቃል።

እንዴት ያምራል! እኔ ቋጣሪዋ እንኳ አላስቻለኝም።

“እታለም” አልኩ በጆሮዋ። “ፈረሱን ስጪው።”

ዞር ብላ አየችኝ። በዚያ ቀን ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

“ልስጠው?”

“ምን ትጠብቂያለሽ? ስጪው እንጂ!”

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች።

“በይ፣ ከራሷ አፍ ወጣልሽ” አለቻት።

እህቴ ፈረሱን አነሳች... አስቀመጠችው።

“ቼክ።”

ሴትዮዋ በወታደሯ በላችው። የበላችውን ጠጠር ግን ከሌሎቹ ጋር ጎን ላይ አላስቀመጠችም። መዳፏ ውስጥ ከታ ጨበጠችው።

ያኔ ከውስጤ አንድ ነገር ሸርተት አለ። ሕመም አይደለም። ደረጃ አለ ብላችሁ እግራችሁን ስትሰዱ ባዶ ሲሆንባችሁ... እንደዚያ።

ግንቡ ገባ።

“ማት” አለች እህቴ። ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል።

ሴትዮዋ ፈገግ አለች፤ የተሸነፈ ሰው እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

“ሂጂ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች” አለቻት ሴትዮዋ።

እህቴ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

“እታለም! ጠብቂኝ እንጂ!”

አልዞረችም።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ትኖራለች። እኔን ሳትስም አሳልፋኝ አታውቅም። በረንዳዋ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። እህቴን “ምነው፣ ደህና?” ብላ አሳለፈቻት። እኔ ስደርስ ግን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

“ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ?”

ትቀልዳለች ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በራችን ተዘግቶ ጠበቀኝ። ቁልፌን ከተትኩ። አልዞረም።

ይህን ቁልፍ በገዛ እጄ ነው የቀረጽኩት። ጥርሶቹን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቃቸዋለሁ። ቁልፉ ያው ነው፣ በሩም ያው ነው። ግን አልተዋወቁም።

አንኳኳሁ። የእህቴ ባል ከፈተ። ፊቱ በእንባ ርሷል፣ ጥርሱ ግን አልተከደነም። ከኋላው ድምቡሼ... በሁለት እግሯ... ሶፋው ላይ ትዘላለች።

“ዳነች!” ብዬ ልገባ ስል በክንዱ ከለከለኝ።

“ይቅርታ እህት፣ ማን ልበል?”

“ምን ሆነሃል? እኔ ነኝ እኮ!”

ግራ ገብቶት ወደ ውስጥ ተጣራ። “ነይ እስቲ፣ የምታውቂያት ልጅ ናት?”

እህቴ መጣች።

“አላውቃትም” አለች ጮክ ብላ። “ቤት ተሳስታ ይሆናል። ሂድ፣ ልጅቷን ያዛት፣ እንዳትወድቅ።”

ባሏ ሲገባ በሩን ገርበብ አድርጋ ፊቷን አስጠጋች።

“ሚጢዬ...” አለች በሹክሹክታ።

አልረሳችኝም!

ሁሉም ሲረሳኝ እሷ አልረሳችኝም። የገደለኝ ይኼ ነው። ብትረሳኝ ኖሮ ምን አቅም ነበረኝ? ይቅር እላት ነበር።

“ምን አደረግሽኝ?”

“ሌላ የምሳሳለት ነገር አልነበረኝም።”

“እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?”

“ነሽ” አለች። “ባትሆኚ ሴትዮዋ መቼ ትቀበለኝ ነበር?”

“እታለም... የት ልሂድ?”

እጇን በክፍተቱ አሾልካ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ።

“ሁለተኛ እንዳታንኳኪ” አለች። “ልጅቷ ትደነግጣለች።”

በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት።

አሠሪዬ ጋ ደወልኩ። “የኔ እመቤት፣ እዚህ ቤት ሴት ቀራጭ ኖራን አታውቅም” ብሎ ዘጋብኝ።

ወደ መንገድ ወረድኩ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ከማዶ ካለው አጥር ተጠግቼ ወደ መስኮታችን አንጋጠጥኩ። እህቴ ድምቡሼን ታቅፋ መጣች፣ ቁልቁል አየችኝ፣ መጋረጃውን ሳበችው።

አለቀስኩ። እናቴ ስትሞት እንደዚያ አላለቀስኩም።

ዓይኔን ስጠርግ... አጠገቤ ሰው እንዳለ ታወቀኝ።

ቱታ የለበሰ ሰውዬ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ነፍሰ ጡር ሴት ቆማለች። ከእሷ ቀጥሎ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ... ከዚያ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ... አጥሩን ይዘው እስከ መታጠፊያው ድረስ ቆመዋል።

ሁሉም አንጋጠዋል። ሕንፃው ላይ እያንዳንዳቸው አንዳንድ መስኮት ነው የሚያዩት።

ሰውዬው ዓይኑን ከላይ ሳይነቅል ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

“ያንቺስ የትኛው ነው?” አለኝ።