ጋቢ የለበሰው ላፕቶፕ

እድላዊት ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሕር ማዶ፣ ሎረንስቪል በምትባል ከተማ ከእናቷ ከአፀደ ጋር ትኖራለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ጌም ሲባል ግን ሌላ ነገር አይሰማትም። እናንተስ? ተዉት፣ አትንገሩኝ።

ቤታቸው ያለው ላፕቶፕ አንድ ብቻ ነው። እናቷ ጠዋት ጠዋት ሆቴል ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ በዚያው ላፕቶፕ ነርስነት ትማራለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፈረንጆች አቆጣጠር ልክ በአምስት ሰዓት የመጨረሻ ፈተናዋ ነበር። ፈተናው በኦንላይን ነው፤ ካመለጣት ትምህርቱን ከመጀመሪያ ልትደግም ነው።

ያን ቀን ደክሟት ስለገባች ትንሽ ጋደም ልትል ወደ መኝታ ቤቷ ሄደች። «እድልዬ፣ ላፕቶፑን እንዳትነኪው፤ እሺ የኔ እናት?» አለቻት። እድላዊትም እሺ አለች። እሺ ለማለት ማን ሰንፎ!

በሩ ሲዘጋ ላፕቶፑን ይዛ አልጋዋ ላይ ወጣች። አንድ ዙር ብቻ ተጫውቼ እመልሰዋለሁ አለች። አንዱ ዙር ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ሰባት። ላፕቶፑ እየጋለ ሄደ። ውስጡ ያለችው ማራገቢያም ሙቀቱን ለማስወጣት ትጮኽ ጀመር። እድላዊት የፈራችው ግን ሙቀቱን አይደለም፤ ድምፁን ነው። ማሚ ትነቃብኛለች ብላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጋቢዋን አንስታ ላፕቶፑን ጥቅልል አድርጋ ሸፈነችው፤ ስክሪኑንና የምትጫወትባቸውን ቁልፎች ብቻ አስቀረች። ድምፁ ቀነሰ። እሷም መጫወቷን ቀጠለች።

ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። የማብሪያ ቁልፉን ተጫነች፤ የለም። ደግማ ተጫነች፤ ምንም። ሰዓቱን አየች፤ አራት ከሩብ። ልጆች፣ እኔ ራሴ ይህን ስሰማ ጨነቀኝ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ መለሰችና መጽሐፍ ከፍታ የምታነብ መሰለች። በልቧ ግን፣ አምላኬ አብራልኝ፣ አብራልኝ ትላለች። መጸለዩስ ጥሩ ነበር፤ ለእናቷ መናገሩን ግን ፈራችው።

እናቷ ተነሥታ ልትከፍተው ብትሞክር እምቢ አለ። ፊቷ ተለዋወጠ። ኮምፒውተር ለሚጠግኑት ጎረቤታቸው ለጋሽ እንድርያስ ደወለች። እሳቸውም ምን እንደነካው ጠየቋት፤ ወድቆ ይሆን፣ ውሃ ፈሶበት ይሆን? እሷ ምኑን ታውቀዋለች? ስልኩን እንደያዘች ዕንባዋ መጣ።

«እኔው ነኝ ያበላሸሁት፤ ትናንት ሳልዘጋው ተኝቼ» አለች።

ይኼኔ እድላዊት ክው አለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ግን እናቷ ባላጠፋችው ጥፋት ስታለቅስ ማየት አልቻለችም።

«ማሚ፣ እኔ ነኝ። ጌም ስጫወት ጮኸብኝና በጋቢ ሸፈንኩት» አለች።

ጋሽ እንድርያስ በስልኩ ውስጥ ሰምተዋታል። «ጋቢ? ታፍኖ ነዋ! ሙቀት ሲበዛበት እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ከቻርጀሩ ንቀሉት፣ ቁልፉንም አትነካኩት። የጋቢው ጥጥ መተንፈሻውን ደፍኖት ይሆናል፤ ጎኑን እዩት» አሉ።

እውነትም በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች በጥጥ ተደፍነዋል። በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለው አጸዱት። ከዚያ እስኪበርድ መጠበቅ ሆነ። እናቷ አልተቆጣቻትም፤ ሰዓቱን ብቻ ታያለች።

ለአምስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው እናቷ ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ በራ።

እናቷ ፈተናውን እስክትጨርስ ድረስ እድላዊት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። በሩ ሲከፈት ይቅርታ ለመጠየቅ ብድግ አለች፤ እናቷ ግን ቀድማ አቀፈቻት።

«ባትነግሪኝ ኖሮ ፈተናው አልፎኝ ነበር» አለቻት። «ጌም ግን ለአንድ ወር የለም።»

ልጆች፣ ጥፋታችንን ስንሸፍነው ይብሳል፤ ቶሎ ስንናገረው ግን መፍትሔው ይገኛል።