ስፖኪዮው ላይ የነበረው ጃኬት

መካኒኩ አውቶቡሱ ሥር በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቷል። ዝናቡ ቢያባራም ጣሪያ የሌለው የጋራዡ ግቢ ውኃ በውኃ ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ቱታ ከጀርባው በኩል ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶም እንደዚያው።

የሥራ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል። ፀጉሯ የሸበተው በመኪና አደጋ ምርመራ ነው፤ አደጋ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ጥፋቱን በሟች ላይ ለማላከክ የሚሽቀዳደም ሰው እንደማይጠፋ ታውቃለች። የጋራዡ ኃላፊም አላሳፈራትም።

«ነፍሱን ይማረውና ጥፋቱ የራሱ ነው» አላት። «እዚህ ቤት መካኒክ መኪና ሥር ሲገባ ጃኬቱን ስፖኪዮው ላይ ይሰቅላል። ሾፌር ጃኬት ካየ ሞተር አይነካም። እሱ ግን አልሰቀለም፤ ይኸው፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሚስማር ላይ አለ።»

«ደንቡ የት ነው የተጻፈው?»

«ሁሉም የሚያውቀው ነገር ምን መጻፍ ያስፈልገዋል?»

ልማዱ ከየት እንደመጣ የነገራት አውቶቡሱን ያንቀሳቀሰው ሾፌር ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ መካኒክ እዚሁ ግቢ እንደዚሁ ተጨፍልቆ ሞቶ ነበር። ደንብ ማውጣት ጥፋትን ማመን ይሆንብኛል ብሎ ኃላፊው ነገሩን አድበሰበሰው፤ ሠራተኞቹ ግን በራሳቸው ጃኬት መስቀል ጀመሩ።

ሾፌሩ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ከስምሪት ክፍሉ መስኮት ሳይነቅል ተናገረ።

«ጃኬቱ ስፖኪዮው ላይ ነበር። አይቼ ችላ አልኩት። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሰሪኝ።»

በመስኮቱ ውስጥ የምትታየው የሟቹ ልጅ ናት። ስምሪት ክፍል የተቀጠረችው ገና ሰሞኑን ነው።

መርማሪዋ ሚስማሩ ላይ ያለውን ጃኬት አገላብጣ አየችው። ትከሻው በስብሷል፤ አንዱ እጅጌ ግን ደርቆ ጫፉ ተለብልቧል። ስምሪት ክፍል ስትገባ ከልጅቷ ወንበር አጠገብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አየች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት፤ ባይገባት በወደደች።

ሁሉንም ወደዚያው ክፍል ስትጠራ ሾፌሩ በር ላይ ክንዷን ያዛት።

«እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ እኔን እሰሪኝ። እሷ ምንም አታውቅም። አባቷን ገደልኩ ብላ እንዴት ትኖራለች?»

እጁን ከክንዷ ላይ አነሳችው። ከዚያ ገባች።

«ሟቹ መኪናው ሥር የገባው ዝናቡ ሳይጀምር ነው፤ ጀርባው ደረቅ ነው» ብላ ጀመረች። «ጃኬቱ ግን በስብሷል። ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ውሎ ቢሆን ዝናብ ከየት ያገኘዋል? ስለዚህ ስፖኪዮው ላይ ሰቅሎታል።»

ኃላፊው አቀረቀረ። እሷ ወደ ሾፌሩ ዞረች።

«አንተም አይቻለሁ ያልከው ውሸትህን ነው። እጅጌው በማሞቂያ ደርቋል፤ ማሞቂያ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ለእርዳታ ስልክ ልትደውል ሮጠህ ስትገባ ጃኬቱ ማሞቂያው ላይ ሲደርቅ አገኘኸው። ሞተር ስታስነሳ ስፖኪዮው ባዶ ነበር። ያወረደው ሰው ደግሞ ክፉ አላሰበም። ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው ልብስ አያደርቅም።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ ያወረድኩት። አባዬ ብርድ አይችልም፤ እርጥቡን እንዳይለብሰው ብዬ ነው።» ሁሉም ዓይናቸውን ሲያሸሹባት ግራ ገባት። «አጎቴ፣ ጃኬቱ ምን ነበረው?»

አጎቷ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀምጣ፣ እጇን ይዛ፣ ቀስ ብላ ነገረቻት። ልጅቷ አልጮኸችም፤ እጇን ብቻ አስለቀቀች።

«እርስዎ ግን» አለች መርማሪዋ ወደ ኃላፊው ዞራ፣ «ጃኬቱን ማሞቂያው ጋ ሲያዩት ሁሉ ነገር ገብቶዎታል። ደንቡን ለምን አልጻፍክም እንዳይባሉ ወስደው ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ ሟቹንም ጥፋተኛ አደረጉት።»

«አዲስ ሰው ሲመጣ ይነገረዋል ብዬ ነው» አለ ኃላፊው።

«ማን ይንገራት? እርስዎ አልነገሯት። አባቷ እንደሆነ እርስዎ የነገሯት መስሎት ሞተ።»

ሾፌሩ በነፃ ተለቀቀ፤ ኃላፊው ተከሰሰ። ደንቡም በስንት ጣሩ ተጻፈ። መተየቡ የልጅቷ ሥራ ነበርና ሌላ ሰው ልተይብልሽ ቢላት እምቢ አለች። ስፖኪዮ ላይ የተሰቀለ ጃኬት ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነሳ ይላል። ከመጨረሻው ላይ ያለውን «ዝናብ ቢዘንብም» የሚለውን የጨመረችው ራሷ ናት።