የተሰረዘችው «ታ»

«ትዕዛዜን ማን ሰረዘው?» አለች ናርዲ።

አስተናጋጇ ደነገጠች። «ኧረ ማንም አልሰረዘው እህቴ! አቮካዶው እስኪፈጭ እኮ ነው፤ ምን ያስቸኩልሻል?»

ናርዲ ለእሷ አልነበረም የተናገረችው። የይለፍ ቃል ነበር። መልሱ ከጀርባዋ መጣ።

«የተሰረዘ ይመለሳል» አለ ዘለቀ፣ ጃንጥላውን እያራገፈ።

ዝናቡ የጭማቂ ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድባል። የጅማዋ ሰፈር አወቱ መንደራ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። ዘለቀ በምስጢር ምርመራ መሥሪያ ቤቱ አለቃዋ ነው። ጉሬዛ የሚለውን የምስጢር ስሟን ያወጣላት እሱ ነው፤ ከእሱ ሌላ የሚያውቀው የለም።

«ሰነዱስ?»

«ዛሬ ከሰዓት ይወጣል። ሁለት ሰው ማጽደቅ አለበት። አማርኛውን እኔ፣ ኦሮምኛውን ሌላ ሰው።»

«ማን?»

«ማወቅዎ ግድ ነው?»

«ስሟን ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ልጠብቃት?»

ናርዲ ብርጭቆዋን አሽከረከረች።

«ኢፍቱ።»

ረቂቁን የያዘውን ፍላሽ ከሶፍቱ ሥር ትታ ወጣች።

የክሪፕቶ መገበያያ ወዳለው ድርጅት የገባችው ሰነድ ጸሐፊ ተብላ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቶች የደንበኞችን የቆዩ ትዕዛዞች የሚፈልጉበት መሣሪያ አለ፤ የእሷ ሥራ አሠራሩን ለኤጀንቶቹ መጻፍ ነበር። ኤጀንት ዓይን የለውም። የሚያየው ሰነዱ እይ ያለውን ብቻ ነው። ሰነዱ ደግሞ «የተሰረዙትን አታምጣ» ይላል።

ከየቡ እና ከሰርቦ ከተሞች ሴቶችን በሥራ ስም እያታለለ የሚሸጠው መረብ የተደበቀው እዚያ ነበር። ትዕዛዝ ያስገባል፣ ማስታወሻ ይጽፍበታል፣ ወዲያው ይሰርዘዋል። የተሰረዘ ነገር ማን ያያል?

ናርዲ የተላከችው አንዲት ፊደል ልታጠፋ ነው። ታን። «አታምጣ» «አምጣ» ሲሆን የመርማሪዎቹ ኤጀንት ሁሉንም ያገኛል።

«እማዬን ለኤጀንት ነው የምጽፈው ብላት አለቀሰች» ብላ ነበር ኢፍቱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እየሳቀች። «ማሽን ነው ብላት ማን ይስማኝ! ጎረቤት ሰብስባ ዱዓ አስደረገችብኝ።»

እናትየው ወደው አልነበረም። ሰርቦ ውስጥ ኤጀንት ማለት ሴት ልጅ ወደ አረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው። ታላቋን ልጃቸውን ሲሃምን እንዲህ ያለ ሰው ወስዷት፣ ድምጿ ጠፍቶ ቀርቷል።

ትናንት ናርዲ ስለ ፊደሏ ስትነግራት ኢፍቱ አልሳቀችም።

«ታዋ ብትጠፋ ሲሃም ያለችበት ይታወቃል?»

«ምናልባት።»

«ቶሌ» አለች።

ኢፍቱ እሺ አትልም። ለአለቃም ለጓደኛም፣ በአፍም በጽሑፍም፣ መልሷ የኦሮምኛው ቶሌ ነው።

ናርዲ ቢሮ ስትደርስ የኢፍቱ ማጽደቂያ ገብቷል። ወንበሯ ግን ባዶ ነው። ታዋን አጥፍታ መሣሪያውን ሞከረችው። የተሰረዙት ትዕዛዞች ስክሪኑን ሞሉት። የመጨረሻው የዛሬ ነበር፤ ማስታወሻው ሦስት ቃል ብቻ።

ጉሬዛ። ኢፍቱ። ዛሬ።

ጉሬዛ የሚለውን ስም የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ዘመቻውን ሲያዝ ዘለቀ እምቢ ማለት አይችልም ነበር። ማክሸፍ ግን ይችላል።

የኢፍቱን ስም የሰጠችው ደግሞ ራሷ ናት።

«ኢፍቱ የት ነሽ? ከማንም ጋር እንዳትሄጂ» ብላ ላከች።

መልሱ ቶሎ መጣ።

«እሺ።»

ናርዲ ቃሉን አየችው። ደግማ አየችው።

እሺ።

ስልኳ ጠራ።

«ታዋን መልሻት» አለ ዘለቀ። «ልጅቷ ቤቷ ትገባለች።»

«አገናኘኝ።» አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። «ወደ ቤት እንሂድ በላት። መልሷን ልስማ።»



«ተኝታለች» አለ።

ተኝታ ይሆናል። ምናልባት። ናርዲ ይህን ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ እንደምትሸከመው ያኔውኑ ታወቃት። ሴቶቹን አሰበች። ሲሃምን አሰበች። ታዋን አልመለሰቻትም።

አጸደቀችው።

የመርማሪዎቹ ኤጀንት ጠየቀ፤ መሣሪያው አመጣ። ስሞቹን፣ ሴቶቹ የተቆለፈባቸውን ቤቶች፣ ዘለቀን። ዘለቀ በአጋሮ መንገድ ላይ ተያዘ። የኢፍቱን አስከሬን ከሰርቦ በታች፣ ቡና ማሳ ውስጥ አገኙት። የሞተችው ሰነዱ ከመጽደቁ በፊት ይሁን በኋላ፣ ለናርዲ የነገራት የለም። እሷም አልጠየቀች።

ናርዲ ጅማ መናኸሪያ ሲም ካርዷን ሰብራ ቦይ ውስጥ ጣለችው።

«እህት፣ ቦርሳሽን ላይ ልስቀለው?» አላት የአውቶቡሱ ረዳት።

«ቶሌ» አለች።

በሳምንቱ ሲሃም ሰርቦ ገባች። እናቷ አቅፈው አስገቧት፣ ቀጥሎም የእህቷን መቃብር አሳዩዋት።